ሁለት ሆነህ መጣህ

ይህ ነገር ቅንጣት ውሸት ካለበት የባቡር ካርዴ በየበሩ እምቢ ይበለኝና ከስቶክሆልም ዳርቻ ከቴንስታ እስከ መሀል ከተማ በእግሬ ልኳትን። እውነት ነው። የሆነውም በዕድርተኛችን በሽፈራው ላይ ነው።

ወረርሽኙ በገባበት ዓመት፣ ቅዳም ሹር ዕለት ነው። አረጋውያን ከቤት አይውጡ ስለተባለ የቴንስታ ዕድርተኞች ሕንፃዎቹን ተከፋፍለው፣ አስቤዛ እየገዙ ከረጢቱን በየበራቸው እጀታ ላይ ይሰቅሉላቸው ነበር። የዕድሯ ሰብሳቢ አክበረት ሕጓ አንዲት ናት፦ «ጉሮሮውን የከረከረው ከረጢት አይንካ!»

ሽፈራውን ከጠዋት ጀምሮ ከርክሮታል። ግን ሚያዝያ ነው፤ በስቶክሆልም በሚያዝያ ያላስነጠሰ የለም። «ፖለን ነው» ብሎ በዛፉ የአበባ ብናኝ አላከከ። በበዓል ዋዜማ አሮጊቶቹን ማን ባዶ እጃቸውን ያስቀራቸዋል? ደግሞም በየበሩ የሚዘንብለትን ምርቃት ይወዳል።

ሰባተኛ ፎቅ፣ እማማ ያለምወርቅ ዘንድ ደረሰ። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሳንባቸው ድሮም ወንፊት ነው። ኮሪደሩ ጭር ብሏል።

«ቤቶች!»

«ደጆች! ሽፌ፣ አንተ ነህ?» ድምፃቸው በፖስታ ማስገቢያው ቀዳዳ ወጣ።

«እኔ ነኝ እማማ። ከረጢቱን ሰቅዬዋለሁ።»

«ግባና ያችን ቴሌቪዥን አስተካክልልኝ። ዘንድሮ ቅዳሴው በእሷ ነው አሉ። ክርስቶስ ተንሥአን ለግድግዳ ልበለው?»

«አይፈቀድም እኮ።»

«ማን ያይሃል? አክበረት ጣሪያ ላይ ወጥታለች እንዴ? ቶሎ በል፣ ቁሌቱ ሊያርርብኝ ነው። ሽታው አንተ ጋ አልደረሰም?»

አልደረሰም። ሽፈራው አፍንጫውን ቀዳዳው ላይ ለጥፎ ሳበ። ምንም። የሽንኩርት ሽታ ቀርቶ የራሱ ላብ እንኳ አይሸተውም። የበሩ ሰንሰለት ሲፈታ ተሰማ፤ እሱም አንድ እግሩን አነሣ።

ሰንሰለቱ ተመልሶ ገባ።

«ሽፌ፣» አሉ እማማ፣ በበሩ ማያ ቀዳዳ መነጽር ወደ ውጭ እያዩ፣ «ያ ከኋላህ የቆመው ማነው?»

ዞረ። ባዶ ኮሪደር።

«ማንም የለም እማማ።»

«አለ እንጂ። ቁርጥ አንተን ይመስላል። አንተ ስታወራ እሱ ይስላል። ሁለት ሆነህ መጣህ ልጄ፤ አንተ ብትገባ እሱም ይገባል።»

ያኔ ሳል ተሰማ። ከኋላው። ሽፈራው «ከእኔ ጉሮሮ አልወጣም» እያለ እስከ ዛሬ ይምላል።

«እማማ፣ እንዳይከፍቱ! ከረጢቱንም እንዳይነኩት! ቴሌቪዥኑን በስልክ አሳይዎታለሁ።»

«እግዜር ይማርህ። እሱን ግን ይዘኸው ውረድ፤ እዚህ እንዳትተውብኝ።»

ሰባቱን ፎቅ በደረጃ ወረደ። ኮቴው የሁለት ሰው ነበር፤ ሲቆም ሁለተኛው አንድ እርምጃ ዘግይቶ ይቆማል። መሬት እንደደረሰ ለአክበረት ደውሎ የነካቸውን በሮች አንድ በአንድ ነገራት። ስድቡን እስኪበቃው ጠጣ፤ እጀታዎቹም ታጠቡ። በሦስተኛው ቀን ምርመራው በሽታውን አገኘበት። እማማ ያለምወርቅ ግን ይኸው ደህና ናቸው።

ታሪኩ ይኸው ነው። አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬበታለሁ፦ መሬት እንደደረሰ ደወለ ያልኩትን። አልደወለም። በእጁ ገና የሌሎች አረጋውያን ሁለት ከረጢት ቀርቶት ነበርና፣ መጀመሪያ እነሱን በየበራቸው ሰቀለ።