ጥጋቸው የተቆረጠ ኖታዎች

የመዘምራኑን ኖታ ሁሉ በንጹሕ ወረቀት እንድገለብጥ መሪያችን እትዬ ዜልማ የመረጡኝ ጽሕፈቴን አይተው ነው። እኔ የእንጨት መሰንጠቂያው ሠራተኛ ነኝ፤ ትምህርቴንም ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም። ነገር ግን ፊደል አልገድፍም፣ መስመርም አላጣምም። የማዘጋጃ ቤቱ ማባዣ ማሽን ደግሞ ከፋሲካ ጀምሮ ቀለም አልነበረውም።

«ለመቃብር በዓል ይድረስ» አሉኝ። «ሃያ ስምንት ቅጂ። አሮጌውን እንዳለ ገልብጥ፤ ከራስህ ምንም እንዳትጨምር።»

የመቃብር በዓል በእኛ ሰበካ በሐምሌ ሁለተኛው እሑድ ነው። ሰው ሁሉ ከያለበት ይመጣና በየሙታኑ አጠገብ ይቆማል፤ ፓስተሩ ይጸልያል፣ እኛ እንዘምራለን። አገራችን ነፃነቷን ካስመለሰች ሁለተኛው በጋ ስለነበር በዚያ ዓመት ከዋና ከተማችን ከሪጋም ከባሕር ማዶም ብዙ እንግዳ ይጠበቅ ነበር።

ወረቀቶቹን ቤቴ ወስጄ ከሥራ መልስ እገለብጥ ጀመር። ሁልጊዜ በመጨረሻ የምንዘምረው «የማዶው መስክ» ላይ ስደርስ አንድ ነገር አየሁ። የወረቀቶቹ ሁሉ የላይኛው ቀኝ ጥግ የለም። አይጥ የበላው አይመስልም፤ ቀጥ ተደርጎ በምላጭ የተቆረጠ ነው። ከርዕሱ ሥር በሐምራዊ ቀለም «የሕዝብ ዜማ» ተብሎ ተጽፏል። በሌሎቹ ዜማዎች ላይ በዚያ ጥግ የሚገኘው የደራሲው ስም ነው።

መገልበጤን ቀጠልኩ። ከባሶቹ፣ ከወፍራም ድምፅ ዘማሪዎቹ፣ ግን አንድ ወረቀት ጎደለኝ። ሐሙስ ዕለት ልምምድ ሳይጀመር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የኦርጋን ሰገነት ወጥቼ ቁም ሣጥኑን ብፈትሽ አጣሁት። በኋላ፣ የእትዬ ዜልማ የኖታ ማስቀመጫ እንዳይወላገድ ከአንዱ እግሩ ሥር የተሸጎጠ የታጠፈ ወረቀት አየሁና ሳብኩት። ስዘረጋው የጎደለኝ ኖታ ነው። ጥጉ አልተቆረጠም። «ኦ. ፑርጋይሊስ፣ 1939» ይላል።

ኦስካርስ ፑርጋይሊስን በሰበካችን የማያውቅ የለም፤ የሚያውቃቸው ግን በመምህርነታቸው ነው። ብዙ ሰው በተጋዘበት ሰኔ፣ በአርባ አንድ፣ ወታደሮች ከቤታቸው ወስደው ባቡር ላይ ጫኗቸው፤ ከሳይቤሪያ አልተመለሱም። መቃብርም የላቸውም። ሚስታቸው ቀደም ብለው ሞተው ነበር። አንዲት ልጃቸው ኦቲሊያ በዕለቱ አክስታቸው ዘንድ ስለነበሩ ተረፉ፤ እስከ ዛሬ ከወፍጮው ማዶ ንብ ያረባሉ። መምህሩ ዜማ ይደርሱ እንደነበር ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እትዬ ዜልማ ደረጃውን እያረፉ ወጡ። ወረቀቱን አሳየኋቸው።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከማስቀመጫው እግር ሥር።»

የኦርጋኑ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አሉ። «በአርባ ዘጠኝ። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምንዘምረውን የሚመረምር ሰው ከወረዳ ይመጣል ተባለ። የተጋዘ ሰው ስም ያለበት ወረቀት ቢያገኝ ያቃጥለዋል፤ እኛንም አይምረንም። ምላጭ አምጥቼ በአንድ ጠዋት ጨረስኩት። የሕዝብ ዜማ ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለውን ማን ያስረዋል?»

«እንዲያውም አዳኑት እኮ።»

«ዜማውን አዳንኩት። ሰውዬውንስ? አስተማሪዬ ነበር። ዜማውን በየቀብሩ ስንዘምረው ስሙን አንድ ቀን በአፌ አንስቼ አላውቅም። ኦቲሊያ ፊት ቆሜ ምን ልበላት?»

«አሁን የሚከለክል የለም።»

«እሱ ነው የባሰው» አሉ። «ያኔ ምክንያቴ ፍርሃት ነበር። አሁን ምክንያቴ ምንድን ነው? 'የሕዝብ ዜማ' ብለህ ጻፍ፣ ልጄ። እኔ ከሞትኩ በኋላ እንደፈለጋችሁ አድርጉት።»

የሚሉት ሞት ሩቅ አልነበረም። ሐኪሙ ስለ ልባቸው ያላቸውን መዘምራኑ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ቅዳሜ ወደ እትዬ ኦቲሊያ ሄድኩ። ቤታቸው አልነበሩም፤ መቃብሩ ቦታ አገኘኋቸው። በእናታቸው መቃብር ዙሪያ ያለውን አሸዋ እንደ ልማዳችን በባለ ጥርሱ እንጨት እያበጠሩ፣ የራሳቸው ዱካ እንዳይቀር ወደ ኋላ ይራመዱ ነበር።

«አንተ የሄርታ ልጅ አይደለህ? ያ ዝምተኛው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ዝም ልትለኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልትናገር? ዝም የምትለኝ ከሆነ ይቺን ባልዲ ያዝልኝ።»

ባልዲውን ያዝኩ። ከዚያ ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። እጃቸውን በሽርጣቸው ሁለት ጊዜ ጠርገው ተቀበሉኝ፤ ረጅም ጊዜም አዩት።

«የራሱ ጽሕፈት ነው» አሉ። «ይቺን ጭራ እንዲህ የሚያስረዝማት እሱ ብቻ ነበር።»

«ዜማው የሳቸው መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«አባቴ ቀፎ በከፈተ ቁጥር የሚያንጎራጉረውን ላላውቅ ነው? አርባ አራት ዓመት እዚችው ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ዜልማ ዘምራ ስትጨርስ ሁልጊዜ ወደ እኔ ታያለች፤ ወዲያው ደግሞ ታቀረቅራለች። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ዛሬስ ትነግረኛለች እላለሁ። ባርኔጣዋን ደፍታ ትሄዳለች።»

«ለምን አልጠየቋቸውም?»

«ብጠይቃትማ እኔ ነጠቅኳት እንጂ እሷ ሰጠችኝ አይባልም።»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

«እኔ ጥጉ ላይ ስማቸውን ልጽፈው ነበር» አልኩ።

«አንተማ ብትጽፈው ምን ይሆናል? የገልባጭ ጽሑፍ ነው። አባቴ መቃብር የለውም፤ ያለው ይሄ ነው። የቆረጠው እጅ ይጻፈው።»

«ባይጽፍስ?»

«እንደ እስከ ዛሬው ሰምቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ» አሉና እንጨታቸውን አነሡ። «ከአሸዋው ውረድ፤ ያበጠርኩትን አበላሸህብኝ።»

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በመጨረሻው ልምምድ ላይ፣ ሃያ ስምንቱን አዲስ ኖታ አደልኩ። ከርዕሱ ሥር ምንም አልጻፍኩም፤ ጥጉንም ባዶ ተውኩት።

«ምነው ኢንጉስ፣ ቀለም አለቀብህ?» አለኝ ከጎኔ የሚቆመው ቪሊስ። በባሶቹ መካከል እንደ እሱ ድምፀ ወፍራም፣ እንደ እሱም ለፍላፊ የለም።

እትዬ ዜልማ መነጽራቸውን አደረጉ። «ከርዕሱ ሥር ያለውን ረስተኸዋል፣ ኢንጉስ።»

«አልረሳሁም።»

«ሰማችሁ? ኢንጉስ ተናገረ!» አለ ቪሊስ። «ቀኑን መዝግቡልኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ፤ ግን ብነሣ ይሻላል ብዬ ተነሣሁ።

«እትዬ ኦቲሊያ 'የቆረጠው እጅ ይጻፈው' ብለዋል።»

ሳቁ ቆመ። አብዛኞቹ ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባቸውም፤ የእትዬ ዜልማን ፊት ሲያዩ ግን ማንም አልጠየቀም።

«ታውቃለች?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

የሰገነቱን የእንጨት መደገፊያ ያዙ። «ዛሬ አንዘምርም» አሉ። «ወረቀቶቹን እዚህ ተዉልኝና ወደየቤታችሁ ሂዱ።»

እስከ እሑድ አላየናቸውም። ቪሊስ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ፣ «መሪያችንን ገደልካት እንዴ?» አለኝ፤ እንደ ቀልድ አልነበረም። እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር።

እሑድ ከጥዱ ሥር ተሰለፍን። እትዬ ዜልማ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው መጡና ወረቀቶቹን ለየራሳችን በእጃቸው ሰጡን። ጥጉ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ኦስካርስ ፑርጋይሊስ» ተብሎ ሙሉ ስሙ ተጽፎበታል። በእኔ ወረቀት ላይ ፊደሎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። የቪሊስ ከመጨረሻዎቹ የተጻፈ መሆን አለበት፤ ፊደሎቹ ተንቀጥቅጠው ከመስመሩ ወጥተዋል። ቪሊስ አይቶት ወረቀቱን ቀና አድርጎ ያዘ።

ፓስተሩ ጸሎቱን ሲጨርስ እትዬ ዜልማ እጃቸውን ሊያነሡልን ሲገባቸው ዞር ብለው ወደ ሕዝቡ ቆሙ።

«ይህን ዜማ የሕዝብ ነው ብዬ ሳስዘምረው ኖሬያለሁ» አሉ። «የሕዝብ አይደለም። የመምህር ኦስካርስ ፑርጋይሊስ ነው። ስሙን ከወረቀቱ ላይ በምላጭ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ያኔ መቁረጤን ይቅር ባትሉኝም ይገባኛል። እስከ ዛሬ ዝም ማለቴ ግን ከመቁረጡ ይብሳል።»

ድምፃቸው ሩቅ የቆሙት ዘንድ አልደረሰ ይሆናል። በቅርብ የነበሩት ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከዚያም የኋለኞቹ ምክንያቱን ሳያውቁ አወለቁ።

ዘመርን። ክፉ አልነበረም። ስንጨርስ እትዬ ዜልማ ወደ እትዬ ኦቲሊያ እናት መቃብር አዩ፤ በዚህ ጊዜ አላቀረቀሩም። እትዬ ኦቲሊያ ግን ቦታቸው ላይ አልነበሩም። በመቃብሮቹ መካከል በቀጭኑ መንገድ ወደ እኛ እየመጡ ነበር። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። ያቅፏቸዋል ወይስ በጥፊ ይሏቸዋል ብዬ ስፈራ፣ ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

«ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትሮጣላችሁ» አሏቸው።

«ምን?»

«አባቴ እንዲህ አይሮጥም ነበር። 'መስኩ' ከሚለው በኋላ ያርፋል። እናንተ ዕረፍቱን ቀንሳችሁበታል።»

እትዬ ዜልማ ወረቀቱን ተመለከቱ። «ወረቀቱ ላይ የለም፣ ኦቲሊያ።»

«ወረቀቱ ላይማ ብዙ ነገር የለም።»

«እንግዲያው አሳዪኝ።»

እትዬ ኦቲሊያ ከጎናቸው ቆመው ክንዳቸውን ያዙ። ፓስተሩ መጽሐፉን እንደገና ከፈተ፣ ከዚያም ዘጋው። እንደገና ጀመርን፤ በጣም ቀስ ብለን፣ በእትዬ ኦቲሊያ እጅ ልክ። እንዲህ ሲዘመር የባሱ ድምፅ ከበፊቱ ብዙ ትንፋሽ ይፈልጋል፤ እኔ በቃሉ መካከል አለቀብኝ፤ ቪሊስ ተቀብሎ ያዘልኝ። «መስኩ» የሚለው ላይ ደርሰን አቆምን። ከሴቶቹ አንዷ ከልማዷ ልትቀጥል አፏን ከፈተች።

«ገና» አሉ እትዬ ኦቲሊያ።

ጠበቅን።