የቀማሹ ቅናት

ገብረእግዚአብሔር ሲጋር የሚያጨሰው ፈተና እንደሚያርም መምህር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ ቻምብሊ ካለው የቶሚ ሲጋር ቤት ይገባል፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው የቆዳ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ ደብተሩን ጭኑ ላይ ይዘረጋል። ከመለኮሱ በፊት ሲጋሩን በጣቶቹ መሀል ያንከባልለዋል፣ ያሸተዋል፣ ከዚያ ይጽፋል። አጠቃለሉ ከሃያ፣ አሳሳቡ ከሃያ፣ አነዳደዱና የአመዱ ጥንካሬ ከሃያ፣ ጣዕሙ ከአርባ። ድምሩ ከመቶ። ዘጠና የሚሰጠው በዓመት ሁለቴ ቢሆን ነው።

ይህ ጠባይ የድሮ ሙያው ነው። አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ቀማሽ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በማንኪያ ፉት እያለ፣ መልሶ እየተፋ፣ ወደ ውጭ ለሚላክ ቡና ደረጃ ያወጣ ነበር። አሁን ሎረንስቪል ውስጥ በአንድ የውኃ ምርመራ ላብራቶሪ ይሠራል። አፍንጫውና ምላሱ ግን ጡረታ አልወጡም። የሲጋር ቤቱ ባለቤት ቶሚ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው የጆርጂያ ሰው፣ ይህን ባወቀ ጊዜ አንድ እሽግ ነጭ ካርድ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ በየሲጋሩ ሳጥን ፊት የሚቆመው ካርድ የገብረእግዚአብሔር ሆነ፤ ነጥቡ በትልቁ፣ ምክንያቱ በትንሹ። ደንበኛ ካርዱን አንብቦ ሲገዛ ባየ ቁጥር፣ ምንም እንዳላየ ሰው የደብተሩን ገጽ ይገልጣል። ልቡ ግን ትሞቃለች።

አጠገቡ የሚቀመጠው ስንታየሁ ነው። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ፀጉር ቤት አለው። ሁለቱ ከተዋወቁ ሃያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አገሩን ሲለምዱ አንድ ክፍል ተጋርተው ኖረዋል፣ የገብረእግዚአብሔር ልጅ ሩሐማ የተወለደች ጊዜም እናትና ልጅን ከሆስፒታል ያመጣቸው ስንታየሁ በአሮጌ መኪናው ነው። እሱ ራሱ ልጅ የለውም።

ስንታየሁ ነጥብ የሚባል ነገር አያውቅም። ሲጋር ሲያጨስ ሰው የሚያማ ነው የሚመስለው። “ይሄኛው” ይላል ጢሱን ወደ ጣሪያው እየለቀቀ፣ “ሳይጠራ የሚመጣ አማች ነው። መጀመሪያ ያሰለቻል፣ መሀል ላይ ጨዋታው ይደራል፣ ሲሄድ ይናፍቅሃል።” ሌላውን ደግሞ፣ “ይሄ የዕድር ሊቀመንበር ነው። ብዙ ጢስ፣ ትንሽ ነገር” ይለዋል። ገብረእግዚአብሔርም አብሮ ይስቅ ነበር። ይስቅ የነበረው ግን ካርዱን የሚጽፈው እሱ ስለነበረ ነው።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ መኪናው ጋራዥ ገባና ሩሐማ ልትወስደው መጣች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ማርኬቲንግ ላይ ትሠራለች። “ልብሴ ላይ ሽታው ይቀራል” እያለች የቶሚን ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም ነበር። ያን ቀን አባቷ ሲጋሩን እስኪጨርስ ብላ ገባች። ስንታየሁ ስለ አንድ ጥቁር ሲጋር እያወራ ነበር፤ “ይሄ ባሏን የፈታች ሴትዮ ናት፣ ቁጡ ናት፣ ግን ቤቷ ሁልጊዜ ሞቅ ያለ ነው።” ሩሐማ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ገብረእግዚአብሔር ያንን ሳቅ ከሰማ ዓመታት አልፈውታል።

“ጋሼ ስንቴ፣ ኦ ማይ ጋድ፣ ድገመው። ሪኮርድ ላድርገው።”

ቪዲዮውን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው፤ በሳምንቱ አርባ ሺህ ሰው አየው። ከዚያ ወዲህ ሩሐማ ቅዳሜ አልቀረችም። ትመጣለች፣ መብራት ትተክላለች፣ የስንታየሁን ኮሌታ ታስተካክላለች፣ ትከሻውን በእጇ ጠረግ ጠረግ ታደርጋለች። ገብረእግዚአብሔር የራሱን ኮሌታ ነካ ያደርግና እጁን ይመልሳል።

“አባዬ፣ ትንሽ ሙቭ አድርግ፤ ፍሬም ውስጥ ገባህ” አለችው አንድ ቀን። ተነሥቶ ወደ ማዕዘኑ ሄደ።

ሰኔ ላይ ራሱን አደፋፍሮ፣ “የእኔንስ ለምን አትቀጂም?” አላት። ደስ አላት፤ ቀዳችውም። እሱም ደብተሩን ይዞ ስለ አንድ ሲጋር አሥራ አንድ ደቂቃ አስረዳ። “ናይስ ነው፣ አባዬ” አለች ስታበቃ፤ “ግን፣ ላይክ፣ ትንሽ ሎንግ ነው። አሳጥሬ ፖስት አደርገዋለሁ።” ለሦስት ሳምንት በየጠዋቱ ስልኩን ከፍቶ ፈለገው። አልወጣም። እሱም አልጠየቀም።

ከዚያ ቶሚ ካርዶቹን ቀየረ። አንድ ቅዳሜ ገብረእግዚአብሔር ሲገባ የፊተኛው መደርደሪያ ላይ የስንታየሁ አባባሎች፣ ሩሐማ ወደ እንግሊዝኛ መልሳቸው፣ በቀለም ታትመው ቆመዋል። የእሱ ነጫጭ ካርዶች ከታች፣ ሰው ካላጎነበሰ የማያያቸው ቦታ ወርደዋል። ቶሚ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ “ሰው ቁጥር ሰልችቶታል፣ ወዳጄ” አለው። ገብረእግዚአብሔር ከአንገት በላይ ሳቀ። ውስጡ ግን እሳት የነካው ጨርቅ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ቅናቱ ቀን በቀን አደገ። ሚስቱ ሰሎሜ እራት ላይ የስንታየሁን ስም ስታነሣ ጉርሻው አልወርድ ይለዋል። ላብራቶሪ ውስጥ የውኃ ናሙና ይዞ ስልኩን ሰርቆ ያያል፤ ትናንት ስንት ሰው አየው? ዛሬ ስንት? “ቀልድ ነው እኮ የሚያወራው፤ ስለ ትምባሆ አንድ ቃል የለበትም” ይላል ለራሱ። በዚህ ላይ እውነት ነበረው፤ ቅናት ደግሞ እውነት ካገኘ ማን ይመልሰዋል?

ነገሩን ያፈነዳው አንድ አዲስ ሲጋር ነው። ገብረእግዚአብሔር ቀምሶት ሰባ አንድ ነጥብ ብቻ ሰጥቶታል፤ ትምባሆው በወጉ ተብላልቶ ሳይበስል የተጠቀለለ ስለሆነ የአሞኒያ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጋል። ስንታየሁ ያንኑ ሲጋር በካሜራ ፊት ለኮሰና፣ “ይሄማ የሠርግ ማግስት ነው፤ ሁሉም ደክሞታል፣ ማንም ወደ ቤቱ መሄድ አይፈልግም” አለ። በማግስቱ ሁለት ሳጥን ተሸጠ።

ገብረእግዚአብሔር ስንታየሁ ሽታውን ለምን እንዳላወቀ ያውቃል። ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በኮሮናው ዘመን ስንታየሁ ታሞ ድኖ ነበር፤ አፍንጫው ግን አልተመለሰም። አንድ ቀን ስንታየሁ የገብረእግዚአብሔር መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ ዓይኑን መስታወቱ ላይ ተክሎ ነገረው፦ “ሽንኩርት ጥጄ አርሮ ቤቱ በጢስ ሲሞላ ያወቅኩት ጎረቤት በሩን ሲደበድብ ነው። ምንም አይሸተኝም፣ ገብሬ። ምግብም አፈር ነው። ለማንም እንዳትነግር። አፍንጫ የሌለው ሰው ሲጋር ቤት ምን ይሠራል ይሉኛል፤ ከዚያ ወንበር ከተነሣሁ ደግሞ ቅዳሜን የት እውላለሁ?” ገብረእግዚአብሔርም እንደማይናገር በእግዚአብሔር ስም ማለለት።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ላብራቶሪው ግቢ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። “እውነት ወዳድ” በሚል ስም አካውንት ከፈተና ቪዲዮው ሥር ጻፈ፦ “ይህ ሲጋር ያልበሰለ ነው፤ አሞኒያ ይሸታል። የአመዱ ጥንካሬም ደካማ ነው። ተመልካቾች አትታለሉ። ሰውዬው ከኮሮና ወዲህ ማሽተት አይችልም። ሽንኩርት ሲያርር እንኳ አያውቅም።” ላከው። ሳንድዊቹን ሳይነካ መልሶ ጠቀለለው።

ሐሙስ ሥራ ወጥቶ ሎረንስቪል ቤቱ ሲገባ የሩሐማ መኪና ደጅ ቆማለች። ሳሎን ውስጥ ቆማ ነው የጠበቀችው።

“እውነት ወዳድ ማነው?” አለችው።

“የምን እውነት ወዳድ?”

“አባዬ፣ ፕሊስ። ‘የአመዱ ጥንካሬ’ የሚል ሰው ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።”

ኩሽና ውስጥ ያለችው ሰሎሜ የቧንቧውን ውኃ ዘጋች።

“ሰዎቹ ምን እንደሚጽፉበት አይተሃል? አጭበርባሪ ይሉታል። ትናንት ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። ‘ጋሼ ስንቴ፣ ኮሜንቱን ደሊት ላድርገው?’ አልኩት። ምን አለኝ መሰለህ? ‘የሽንኩርቱን ነገር የነገርኩት ለአንድ ሰው ነው’ አለኝ።”

ገብረእግዚአብሔር ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ልጁ አጎንብሳ ፊቱን አየችው።

“ቀንተህበት ነው እንዴ?”

“ዝም በይ!” ብሎ ጮኸ። ሩሐማ ቁልፏን አነሣችና ወጣች። ሰሎሜ ከኩሽናው በር ላይ ሆና ትኩር ብላ አየችው፤ አልተቆጣችውም፣ ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ገብረእግዚአብሔር ወደ ስንታየሁ ፀጉር ቤት ሄደ። ሁለት ሰው ወረፋ ይጠብቃል፤ እሱም ከኋላቸው ተቀመጠ። ተራው ሲደርስ ስንታየሁ እንደማንኛውም ደንበኛ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት።

“እንዴት ይሁን?” አለው።

“እንደ ወትሮው።”

መቀሱ መሥራት ጀመረ። ገብረእግዚአብሔር በመስታወቱ ውስጥ ሊያየው ሞከረ፤ ስንታየሁ ዓይኑን ከፀጉሩ አላነሣም።

“ቀንቼብህ ነው” አለ ገብረእግዚአብሔር። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ አጥንት እንደ መትፋት ነበር።

“በምኑ? በጢሱ?”

“በልጄ።”

መቀሱ ቆመ። “ገብሬ” አለ ስንታየሁ ዝግ ብሎ፣ “ቅናቱን እረዳዋለሁ። እኔ በዚያችው ልጅ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀንቼብሃለሁ። ልደቷ ላይ ኬክ ይዤ ስመጣ፣ ሻማውን ስታጠፉ፣ ወደ ቤቴ ብቻዬን ስመለስ። ግን ያንተን ምስጢር አደባባይ አስጥቼው አላውቅም።”

ስንታየሁ ከአንገቱ ላይ ፀጉር እያራገፈለት፣ “ሲጋሩስ? እውነት ይሸት ነበር?” አለው።

“ይሸት ነበር።”

“እንግዲያው ሰው አሳስቻለሁ” አለና ሥራውን ቀጠለ። ሒሳብ ሊከፍለው ሲል እጁን አልዘረጋም፤ “ሂድ በቃ፣ ሂድ” አለው። ይህ ይቅርታ ይሁን ስንብት ገብረእግዚአብሔር አልገባውም።

መኪናው ውስጥ ገብቶ ስልኩን አወጣ። የውሸት አካውንቱን ዘጋና ቪዲዮው ሥር በሙሉ ስሙ ጻፈ፦ “በ‘እውነት ወዳድ’ ስም የጻፍኩት እኔ ገብረእግዚአብሔር ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ጓደኛው ነኝ። የሲጋሩ ነገር እውነት ነው። ምስጢሩን ያወጣሁት ግን ለእውነት ብዬ ሳይሆን ቀንቼ ነው።” ሁለቴ ሊያጠፋው ጣቱን አነሣ፣ ሁለቴ መለሰ። ላከው። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የወረደበትን ስድብ አንድ በአንድ አነበበ።

ስንታየሁ ሦስት ቅዳሜ ቀረ። በአራተኛው መጣና ከመብራቱ ፊት ተቀመጠ። “የተባለው እውነት ነው” አለ ለካሜራው። “አፍንጫዬ ሞቷል። እኔ የማወራላችሁ ሲጋሩን ይዤ ያሰብኩትን ነው። ጣዕሙን ማወቅ የሚፈልግ ግን አጎንብሶ ከታች ያሉትን ነጫጭ ካርዶች ያንብብ። የጻፋቸው ሰው መጥፎ ጓደኛ ነው፤ ጥሩ ቀማሽ ነው።” ሩሐማ ሳቀች፣ ቶሚ ምን እንደተባለ ሲነገረው ሳቀ፣ ገብረእግዚአብሔርም መሳቅ ነበረበት። ከፊተኞቹ ሁሉ ይበልጥ የታየው ይህ ሆነ፤ ገብረእግዚአብሔርም ቁጥሩን እንደ ድሮው በየሰዓቱ ስልኩ ላይ ማየት ጀመረ። ቅናት እንደ ጉንፋን ነው፣ አንዴ ተናግረኸው አይለቅህም።

አሁን ሁለቱም በየቅዳሜው ይመጣሉ። ይጫወታሉ፣ ስለ ኳስና ስለ መኪና ኢንሹራንስ ያወራሉ። ስንታየሁ ግን ስለ ራሱ ምንም አይነግረውም። ባለፈው ጥቅምት ዓይኑን ኦፕራሲዮን ሊደረግ መሆኑን ገብረእግዚአብሔር የሰማው ከሩሐማ ነው።

“መቼ ነው?” አላት።

“ማክሰኞ ጠዋት። እኔ ነኝ ድራይቭ የማደርገው። ንገሪውም አላለኝም፤ አትንገሪውም አላለኝም።”

ለማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠየቀ። ጠዋት የስንታየሁ ቤት ደጅ ሲደርስ ሩሐማ ሞተሩን አስነሥታለች፣ ስንታየሁ ከፊት ከጎኗ ተቀምጧል። ገብረእግዚአብሔር የኋላውን በር ከፍቶ ገባ።

ስንታየሁ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ “ቀበቶህን እሰር” አለው።

አሰረ።