የቀጠነው ጊታር

የልጄ ባል የወርክሾፔ በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጄ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ሆኗል፤ ቤቱ መሆኑን እያወቀ እንደ እንግዳ በር ላይ ሳል ሳል ይላል። በብብቱ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ሳይፈታው ምን እንደሆነ ገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ራዲዮና ቴፕ ስፈታ ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጄ የነካውን ዕቃ አልረሳም።

«አባባ፣ ሥራ ያገኘሁ መሰለኝ» አለኝ።

«መሰለኝ ምንድነው? ሥራ ወይ ይገኛል ወይ አይገኝም።»

«ይሄ ካልተስተካከለ አይገኝም።»

ፎጣውን ፈታው። ኦቨርድራይቩ ነው። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ኦቨርድራይቭ ማለት ጊታር የሚጫወት ሰው በእግሩ የሚረግጣት፣ ሳሙና የምታክል የብረት ፔዳል ናት። የጊታሩ ድምፅ በእሷ በኩል አልፎ ነው ወደ ማጉያው የሚሄደው። ስትረገጥ ድምፁ ይሻክራል፤ ሲጣራ ውሎ እንደገባ ሰው ጉሮሮ ይሆናል። ይቺኛዋ አረንጓዴ ነበረች። አሁን ቀለሙ የተረፈው እግሩ የማይደርስበት ጠርዝ ላይ ብቻ ነው።

«የባንዱ አለቃ ምን አለህ?»

«ጊታርህ መሃሉ ላይ ጉድጓድ አለው አለኝ። እስከ ቅዳሜ ደፍነህ ና፣ አለዚያ ሌላ ሰው አለኝ አለኝ።»

ፔዳሏን ተቀብዬ ገለበጥኳት። ያን ጉድጓድ የቆፈርኩት እኔው ነኛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ዘፋኝ ነበረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ጆሮ ሥር የሚነገር ዓይነት ስለሆነ ጓደኞቿ ሹክሹክታ ነበር የሚሏት። ይሄን ልጅ መጀመሪያ ያመጣችልኝ ለማስተዋወቅ ሳይሆን ለመክሰስ ነው። ፔዳሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘጭ አደረገችና፣

«አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ በቁሜ እየዋጠኝ ነው!» አለች።

«ገና ሳትጋቡ?» አልኳት።

እሱ እንደ ተከሰሰ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። «እኔ እኮ ቀስ ብዬ ነው የምጫወተው» አለ።

«ቀስ ብሎ የሚበላ ሰው አይጠግብም እንዴ?» አለችው።

ተጫወቱልኝ፤ ሰማኋቸው። እውነቷን ነው። የእሷ ድምፅና የእሱ ጊታር አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። እሱ ቢቀንስ ጊታሩ ይጠፋል፤ ቢጨምር እሷ ትጠፋለች። ስለዚህ ፔዳሉን ከፍቼ አንዲት ጥቅል ሽቦና አንዲት ካፓሲተር አያይዤ በየድኩበት። ሥራቸው የመሃሉን ድምፅ ብቻ ለይቶ ማፍሰስ ነው። ወፍራሙና ቀጭኑ ይቀራል፣ መሃሉ ባዶ ይሆናል። እሷ እዚያ ትገባለች።

ልጁ ሞከረውና ፊቱን አኮማተረ። «ጊታሬ ከሳ እኮ!»

«ይክሳ» አለችው። «እኔ እንድሰማ አንተም ትንሽ ክሳ።»

እሷን አያት፣ ጊታሩን አየ፣ መልሶ እሷን አያት። «እሺ» አለ። እኔ ልጄን የዳርኩት ያን ቀን ነው፤ ድግሱ በኋላ የመጣ ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ እሱ ቀጠነ፣ እሷ ተሰማች። በሽታ እስኪመጣባት ድረስ። በሽታው መጀመሪያ ድምፅዋን ወሰደ፤ ቀጥሎ የቀረውን።

«ሌላ ፔዳል አትዋስም?» አልኩት እንደ ዋዛ።

«ተውሼ ሞከርኩ፣ አባባ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ይቺን ደግሞ ሌላ ሰው እንዲከፍታት አልፈለግሁም።»

ካቻቢቴዬን መፈለግ ጀመርኩ። መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ጠረጴዛው ሥር አጎነበስኩ። ባለቤቴ ጓዳ ሆና የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክል ነበር፤ የመሳቢያውን መንኳኳት ሰምታ ብቅ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ጠፋብህ?»

«ካቻቢቴ።»

«እጅህ ላይ ያለው ማንኪያ ነው?»

እውነትም ይዤዋለሁ። እሷ ወደ ልጁ ዞረች። «በልተሃል?»

«በልቻለሁ፣ እማማ።»

«ውሸታም» አለችውና ተመለሰች። ፔዳሉን አላየችውም፤ ወይም አይታ እንዳላየች ሆነች።

ብሎኖቹን ፈታሁ። የድሮ ብየዳዬ እንዳለ አለ፤ ንጹሕ ነው፣ ያኔ ዓይኔ ደህና ነበር። መበየጃውን አግዬ የጥቅሉን ሽቦ አንድ እግር ነካሁ። የብየዳው ቆርቆሮ ቀለጠ። በፒንሳ ይዤ ሳብ ማድረግ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ሕፃን የሚሠራው ሥራ። እጄ ግን እንቢ አለኝ። ቆርቆሮው ተመልሶ ረጋ። እንደገና አቀለጥኩት። የብየዳ ጢስ ዓይን ይቆጠቁጣል፤ ጢስ የፈጠረውን አምላክ አመሰገንኩ። ከዚያ ሳብኩት።

ልጁ ነካ ሲያደርገው መሃሉ ተመልሷል፤ ግን እንደ ውሻ ይጮህ ጀመር። እንዲህ አድርጌማ አልሰደውም አልኩ። ድምፁን የሚያሻክሩትን ሁለት ዳዮዶች አውጥቼ፣ ከአሮጌ ራዲዮ ሆድ ያወጣኋቸውን ሁለት የመስታወት ዳዮዶች ተካሁ። እነዚያ ሙቀት አይችሉም፤ እግራቸውን በፒንሳ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ በየድኳቸው።

«በል ሞክረው።»

እሱና ልጄ ሁልጊዜ ይጀምሩበት የነበረውን ዜማ ጀመረ። ድምፁ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ዳር እስከ ዳር የሞላ። ጥሩ እየሄደ ሳለ በድንገት አቆመ። ግራ እጁ ጊታሩ አንገት ላይ እንዳለ፣ ዓይኑ ወለሉ ላይ፣ የሆነ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ። እንደገና አቆመ።

«ምን ሆንክ?»

«እዚህ ጋ እሷ ናት የምትገባው» አለ። «እኔ አይደለሁም፣ አባባ። እጄ ነው።»

ለካስ ጉድጓዱ ፔዳሉ ውስጥ ብቻ አልነበረም።

«አለቃው ይሄን ቢሰማ አይቀጥርህም።»

«አውቃለሁ።»

ቢጠይቁኝ፣ እንዲያ እያቆመ ዕድሜ ልኩን ቢጫወትልኝ እወድ ነበር። በዚያች ዝምታ ውስጥ ልጄ ነበረችበት። ግን እሱም የሰው ልጅ ነው፤ ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ሱሪው በቀበቶ ተጨብጦ ነው ወገቡ ላይ የቆመው።

«ምታው» አልኩት።

«አባባ…»

«ሳታቆም ምታው። እኔ ነኝ ያልኩህ፣ አባቷ።»

መታው። የጓዳው ቁም ሣጥን መስታወት ተንቀጠቀጠ። የእሷ ቦታ ሲደርስ ከንፈሩን ነከሰና ሞላው። አልዋሻችሁም፤ ያን ጊታር እንዲያ አምሮ ሰምቼው አላውቅም። የገደለኝም ማማሩ ነው።

ባለቤቴ ክር በጥርሷ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተኛችውን ጥቅል ሽቦ አየች። ያቺ ምን እንደሆነች ታውቃለች፤ ያኔ ስበይድ መብራት የያዘችልኝ እሷ ናት። ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

ሊሄድ ሲል ጥቅሏን አነሳት። «ይቺን ልውሰዳት?»

«ተዋት» አልኩት። «ከወሰድካት መልሰህ ታስገባታለህ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባንዱ የሚጫወትበት አዳራሽ ሄድኩ። ባለቤቴ ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች። አዲሷ ዘፋኝ ድምፅዋ መንገድ ማዶ ይሰማል፤ ማንም እንዲቀጥንላት አትሻም። ያ ዜማ መጣ። ቦታው ሲደርስ ወንበሬን ጨበጥኩ። ልጁ ዓይኑን ጨፈነና አለፈው። አላቆመም። አለቃው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ ሰው አጨበጨበ። እኔም መዳፌ እስኪግል አጨበጨብኩ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የእኔን ሸሚዝ ትጠቅማለች።

«እንዴት ሆነ?»

«ተቀጠረ።»

«ጊታሩስ?»

«ሞልቷል።»

መርፌዋን ገታች። «እዚያች ቦታ ላይ… ትንሽ እንኳ አልቆመም?»

መዋሸት እችል ነበር።

«አልቆመም።»

«እሰይ» አለች። «እሰይ፣ ይኑርልኝ።»

ክሩ አልቆባት ኖሮ አዲስ ክር በጠሰችና መርፌዋን ወደ ብርሃኑ አነሳች። ቀዳዳው አልታይ አላት። አምጪው ብዬ ተቀበልኳት። ለእኔም አልታየኝም።