ያልማለው ምስክር

ጋሽ መሐላ ከንጋት ጀምሮ ቁጭ ብድግ ሲል ነው ያረፈደው። ሸሚዙን ለበሰ፣ አወለቀ፣ ሌላ ለበሰ፣ ተመልሶ የመጀመሪያውን ለበሰ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች ባለ አንድ አዳራሽ ፍርድ ቤት ምስክር ሲያስምል የኖረ ሰው ነው። ስሙን ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ መሐላ እንዳሉት ቀረ። ዛሬ ግን ምስክሩ ራሱ ነው። ተከሳሹ ደግሞ ልጁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሽማግሌ በሞተር ሳይክል ተገጭተው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ገጪው ሳይቆም አመለጠ። ሰዓቱ ከምሽቱ አስራ ሁለት ገደማ ነበር። ልጁ «ከአስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቤት ነበርኩ» ብሎ ድርቅ ብሏል። አባትየው ግን ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን በር ከፍቶለታል። የሞተሩ መብራት ረግፏል፣ የልጁ ፊት ዐመድ መስሏል፣ ቢጠይቀው «ምንም አልሆንኩም አባዬ» ብሎት ገባ። ይህን ያየ ሌላ ሰው አልነበረም። ሚስቱ እንኳ ያወቀችው ከእሱ ሰምታ ነው።

«እስቲ ንገረኝ» አለችው ኮሌታውን እያስተካከለችለት፤ «ቤት ነበር ማለት ምኑ ይከብዳል? አንዲት ቃል ናት እኮ።»

«ውሸት ናት።»

«ሰው ለማዳን ነዋ። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያሉት አዋላጆች ንጉሡን አልዋሹትም? ዋሽተው ሕፃናቱን ቢያተርፉ እግዚአብሔር ተቆጣቸው? ባረካቸው እንጂ።»

መልስ አላጣም። አዋላጆቹ ያዳኑት ሊገደል የነበረውን ነው፣ እኛ የምናድነው ሰብሮ የሄደውን ነው ሊላት አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ብሎ ሲያያት ግን ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። አንጀቱን በላችው። እናት ናት፣ ምን ይበላት? ዋጥ አደረገው።

መንገድ ላይ ግን አንድ ዘዴ መጣለት። እጄን መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ካስጫኑኝ እውነቱን እናገራለሁ፣ በሐሰት መማል አልችልም፤ ያን ጊዜ ልጄን የጣለው መሐላው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም አለ ለራሱ። ይኸውላችሁ፣ ሰው ሲጨንቀው እንዲህ ብልጥ ይሆናል። የሚገርመው፣ ትንሽ ቀለል አለው።

ችሎቱ ሲጀመር የዐቃቤ ሕጉ የመጨረሻ ምስክር አልደረሱም ነበር፤ የተገጩት ሽማግሌ ባለቤት ናቸው። «እሳቸው እስኪመጡ የመከላከያውን ምስክር እንስማ» አለች ዳኛዋ። ጋሽ መሐላ ተነሥቶ እጁን ወደ መጽሐፉ ሲሰድ ፈገግ አለች።

«ይተዉት ጋሼ። እርስዎን ማን ሊያስምልዎት ነው? የእርስዎ ቃል ከሌላው ሰው መሐላ ይበልጥብኛል።»

አዳራሹ ሳቀ። እሱ ግን እጁን ከመጽሐፉ መለሰ። የተደገፈበትን ግድግዳ ከጀርባው ወሰዱበት እኮ! አሁን እሱና አፉ ብቻ ቀሩ። ወደ ልጁ አየ። ልጁ ጥፍሩን እየበላ ነው፣ ፈተና ሲደርስበት ያደርግ እንደነበረው።

«ልጅዎ የዚያን ቀን ስንት ሰዓት ቤት ገባ?»

«አስራ አንድ ሰዓት።»

በቃ። እንዲህ ቀላል ነው ለካ። ጸሐፊዋ ጻፈችው። ዐቃቤ ሕጉ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀም፤ ጋሽ መሐላን ማን ይጠይቃል? ልጁ ትንፋሹን ለቀቀ፣ ሚስቱ ከኋላ ወንበር ላይ አማተበች። እሱ ደስታውን ቢፈልገው አጣው።

ወዲያው በሩ ተከፈተና ሴትዮዋ እያለከለኩ ገቡ። «ይቅርታ ልጆቼ፣ እሳቸውን የሚያገላብጥልኝ ሰው እስካገኝ ነው የዘገየሁት።»

«ያስምሏቸው ጋሼ» አለች ዳኛዋ። በዚያ ቤት ሌላ የሚያስምል ሰው የለም።

መጽሐፉን አንሥቶ ዘረጋላቸው። የጫኑት እጅ ሻካራ ነው፣ የሕመም ማሻሻ ቅባት ይሸታል። «ከእኔ በኋላ ይበሉ» አላቸው። «እውነቱን ልናገር...»

«እውነቱን ልናገር» አሉ።

የሚቀጥለው ጠፋው። ስንት ሺህ ጊዜ ያለው ቃል ድርግም አለበት። መጽሐፉ እጁ ላይ ዘመም አለ። ሴትዮዋ ሌላውን እጃቸውን ከሥር ሰደው ደገፉለት።

«አይዞህ ልጄ» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። «የተከሰሰው ልጅህ ነው አሉኝ። እኔም እናት ነኝ። ያላየሁትን አየሁ አልልበትም፤ የገጪውን ጀርባ ብቻ ነው ያየሁት፣ የምናገረውም ይኸንኑ ነው።»

ቢረግሙት ይሻለው ነበር። ባላቸውን አልጋ ላይ ጥለው የመጡ ሴት ለእሱ ልጅ እውነቱን ሊጠብቁለት ነው። አፈረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እማማ» አለ መጽሐፉን እየለቀቀላቸው፤ «እስቲ ይያዙልኝ።»

ግራ ገብቷቸው ያዙለት። ቀኝ እጁን ላዩ ላይ ሲጭን የጠፋው ቃል ተመለሰለት። «እውነቱን ልናገር፤ ከእውነቱ ላልቀንስ፣ በእውነቱም ላይ ላልጨምር።» ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ከኋላ የሚስቱን ድምፅ ሰማ፣ «ተው፣ ተው በናትህ» ስትል። ልጁን ላለማየት ቢታገልም አየው።

«ቅድም ዋሽቻለሁ» አለ። «ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው የገባው። መብራቱ ተሰብሮ ነበር። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።»

ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሴትዮዋ መጽሐፉን እንደያዙ ቆመው ቀሩ፤ ተቀብሎ የሚያስቀምጥላቸው ሰው አልነበረም።