አባባ ለሥዕል ሲቀመጡ

ባሌ ሠዓሊ ነው። የሚሥለው ወንድ ብቻ ነው፤ ተሸካሚ፣ ቦክሰኛ፣ ግንበኛ፣ ወታደር። ሰው ሁሉ «ወንድነትን እንዲህ የሣለ የለም» ይልለታል። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና፣ ሁሉም ጥርሳቸውን ያመማቸው ነው የሚመስሉኝ። ይህን ስለው «አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ» ብሎ ይስቃል። ግዴለም፣ ይሳቅ።

አማቼ፣ እኔ አባባ ነው የምላቸው፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ለመታወቂያ ፎቶ እንኳ ተለምነው ነው የሚነሡት። ታዲያ አንድ ቀን ከመሬት ተነሥተው «ልጄ ይሣለኝ» አሉ። ገርሞኝ ለብቻቸው ይዤ ምን እንደነካቸው ጠየቅኳቸው።

«ታናሽየው ከሞተ ጀምሮ» አሉኝ፣ የባሌን ወንድም ማለታቸው ነው፣ «ከዚህ ልጅ ጋር ስለሱ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ቀብሩ ላይ ሊያለቅስ ሲል ክንዱን ጨብጬ ‹ሰው ያይሃል፣ ቀጥ በል› ያልኩት እኔ ነኝ። ይኸው ቀጥ እንዳለ ቀረ። ከሱ ጋር ቁጭ ማለት የምችለው ሥራ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ምናልባት እዚያ ይወጣልኝ ይሆናል።»

«ታዲያ እንዲሁ አይነግሩትም?»

«በምን አፌ?»

ሸራ የምወጥርለት እኔ ስለሆንኩ፣ የተቀመጡ ቀን የሥራ ክፍሉ ውስጥ ጥጌን ይዤ ነበር። ባሌ ሲሥል አያወራም፤ ዐይኑን አጥብቦ ብርሃንና ጥላ ነው የሚፈልገው። አባባ ትንሽ ቆይተው «ወንድምህ እንዲህ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም ነበር» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትም። መዶሻዬን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ። በቃ፣ ተገላገሉ አልኩ በልቤ።

ባሌ ቀና አለ። «አባዬ፣ መብራቱ ነው አይደል ዐይንህን ያስቸገረህ? ቆይ» አለና አምፖሉን ወደ ጎን አዞረላቸው። ደግሞ እኮ በደግነት ነው።

አባባ መሐረባቸውን አወጡ። «አዎ፣ መብራቱ ነው» አሉ።

ግማሽ ፊታቸው ጥላ ሆነ። ባሌ ደስ አለው፤ ጥላ አገጭን ያጠነክራል ባይ ነው።

ሥዕሉን «ወንድ» ብሎ ሰይሞት ዐውደ ርእይ ላይ ሰቀለው። ሰው ከቦ አቤት ግርማው፣ አቤት ቆራጥነቱ ሲል፣ አባባ ከኋላ ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ቁርጥ አባቴ» አሉ። «ሲቆጣኝ ልክ እንዲህ ነበር የሚያየኝ።»

ባሌ የተመረቀ መሰለው። «ዘር ነዋ፣ አባዬ» ብሎ ሳቀ።

«ነው» አሉ። «እኔንስ አንድ ቀን ትሥለኛለህ?»

ሰው ጠራውና ሳይመልስላቸው ሄደ።

ቤት ስንገባ አልቻልኩም፤ አፌን ከፈትኩበት። ያስለቀሳቸው መብራቱ እንዳልነበረ፣ ይሣለኝ ያሉት ለምን እንደሆነ፣ የቀብሩንም ነገር፣ አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩለት። ይጮህብኛል ስል፣ በማግስቱ ራሱ ሄዶ ይዟቸው መጣ።

አዲስ ሸራ ፊት ተቀመጡ። ባሌ ብሩሹን ጨበጠ፣ ቀለም ግን አልነካም። እንዲሁ ተፋጠው ቆዩ።

«አባዬ፣ ስለ ወንድሜ...» አለ በመጨረሻ።

አባባ ይህችን ቃል ስንት ዘመን እንደጠበቋት እኔ አውቃለሁ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «እሱ እንኳ አለፈ። ይልቅ ሥራህን ሥራ» አሉት። ዐይናቸው ደርቆ ነበር።

ባሌ «ብሩሽ ልጠብ» ብሎ መታጠቢያ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። ብሩሹ እኮ ንጹሕ ነው። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተው፣ ለቅሶው ግን ከውኃው በላይ ተሰማ። እንደ ሕፃን ነበር የሚንሰቀሰቀው።

አባባ ተነሡ። እስከ በሩ ሄደው እጃቸውን እጀታው ላይ አሳረፉ። በፈጠረዎት ይክፈቱት እላለሁ እኔ በሆዴ። ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ቆዩ፤ ከዚያ ተመልሰው ኮታቸውን አነሡ።

«ካየሁት ያፍራል» አሉኝ በሹክሹክታ። «አልሰሙም በዪው።»

ኮቴያቸውን ሳያሰሙ ወጡ። ባሌ ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ ባዶውን ወንበር አየና «አባዬስ? ሰማኝ እንዴ?» አለኝ።

ይህን ሁሉ ምላስ ይዤ፣ «ኧረ ምንም አልሰሙም፤ ቸኩለው ነው የሄዱት» አልኩት።

«ጥሩ» አለኝ። ፊቱ ግን ጥሩ አይልም ነበር።