አርማታውን ማን ያጠጣዋል?

ባለቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «አለት» ነው የሚለው። የሠራው አርማታ ስለማይሰነጠቅ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ቤት ሠራ፣ ሱቅ ሠራ፣ መጋዘን ሠራ፤ አንድም ቀን ወለሉ ጭረት አወጣ ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም። «የሲሚንቶውን ልክ ያውቅበታል» ይላሉ። እሱም አንገቱን ቀና አድርጎ ይሰማል። እኔ ደግሞ ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም እላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ አይደል፣ ነቅዟል።

አርማታ ተሞልቶ ሲያበቃ ሥራው ያለቀ ይመስላችኋል። አላለቀም። ገና ውሃ ይጠጣል። በየቀኑ ካልጠጣ ፀሐይ ያደርቀውና ይሰነጠቃል። ባለቤቴ ሙሌቱ እንዳለቀ እጁን ታጥቦ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ እኔ ባልዲዬን ይዤ ወደ ላይ እወጣለሁ። የጀመርኩት አዲስ ሙሽራ ሆኜ ነው። ሠራተኛ መቅጠሪያ አልነበረውም፤ ላግዘው ብዬ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ «ይብቃሽ» ያለኝ ሰው የለም፣ እኔም አልጠየቅሁ። አሁን ሃምሳ ዓመቴ ነው። የቀኝ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። ሐኪሙ ፎቶ አንስቶ አየውና «ከእንግዲህ ውሃ ተሸክመሽ ደረጃ ከወጣሽ በዱላ ትሄጃለሽ» አለኝ። ይህን ለባለቤቴ ነገርኩት። «እግዜር ይማርሽ» አለኝና ጋዜጣውን ገለጠ።

የባለ ሦስት ፎቁ ትምህርት ቤት ጨረታ የወጣው በዚያው ሰሞን ነው። ይህን የሚያህል ሥራ ይዘን አናውቅም። ሌላ ሥራም በእጃችን አልነበረም፤ ባለቤቴ «ይህን ካጣን ሠራተኞቹን እበትናለሁ» ብሎ ቆርጦ ነበር። ተፎካካሪያችን «ቶሎ ቶሎ» የሚባለው ተቋራጭ ነው፤ ስሙን ያወጡለት የግድግዳው ቀለም ሳይደርቅ ርክክብ ስለሚጠራ ነው። እኔ ግን ቶሎ ቶሎን አላሰብኩትም። ፕላኑ ላይ ደረጃዎቹን ቆጠርኳቸው። ስልሳ ስድስት ናቸው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ልጃችን ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች። ፕላን ነዳፊ ናት፤ ቢሮ ትሠራለች። የአባቷን አሥራ አራት የግምት ደብተሮች አንድ በአንድ ፎቶ አነሳቻቸው፣ የትምህርት ቤቱን ፕላንም ጨመረችበትና ማሽኑ ግምቱን እንዲያዘጋጅ አዘዘችው።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል እማዬ» አለችኝ።

«የእግዜሩን የሚጠቀም ጠፋ እንዴ?» አልኳት።

አባቷ አንድ ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ፣ ማንም እንዳያስነጥስ ከልክሎ የሚሠራውን፣ ያ ነገር እኔ ሳህን አጥቤ ሳልጨርስ ዘረዘረው። ቁፋሮ፣ ብረት፣ ጠጠር፣ ብሎኬት፣ ልስን። ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ ስህተት ፈለገ፤ አጣ። ፊቱ ላይ ደስታም ቅሬታም አየሁበት። ከዚያ ማሽኑ ጥያቄ አለኝ አለ። ልጄ ጮክ ብላ አነበበችው።

«በአሥራ አራቱም ደብተሮች የአርማታ ሙሌት አለ። አርማታ ውሃ ማጠጣት ግን በአንዱም ውስጥ የለም። ይህን ሥራ ማን ይሠራዋል? ስንት ሰው፣ ለስንት ቀን?»

ባለቤቴ ሳቅ አለ። «ምን ያውቃል እሱ። ይኼ እኮ በራሱ የሚሆን ነገር ነው።»

«በራሱ?» አልኩ።

ሳህኑን አስቀመጥኩት። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ አባቷን አየችው፣ ከዚያ ወንበር ሳበችልኝ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ምሳ ስደረድር ኖሬያለሁ፤ ግምት ሲሠራ ተቀምጬበት ግን አላውቅም።

«እስቲ ምን ብሎ ጻፈ?» አልኳት።

«አንድ ሰው፣ ሰባት ቀን፣ ከቧንቧ ይላል።»

«ተሳስቷል በይው። ቧንቧው ያለው ምድር ላይ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የሚወጣው በሰው እጅ ነው። ሰባት ቀን ለጥላ ቦታ ነው፣ በዚህ ፀሐይ አሥራ አራት ቀን ይፈልጋል። ኮለኑ፣ ምሰሶው ማለት ነው፣ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ውሃ አይዝም፤ ጆንያ ተጠቅልሎለት ጆንያው ነው የሚረጥበው። ሶሌታው፣ ያ የላይኛው ወለል ማለት ነው፣ ዙሪያውን በአሸዋ ይታጠርና ውሃ ይቋጠርበታል። አንድ ሰው አይችለውም። ሁለት ብለሽ ጻፊ።»

ልጄ እየሰማች ጻፈች። ማሽኑ መለሰ፤ «አመሰግናለሁ፤ ይህ እኔ ከገመትኩት የተሻለ ነው፣ አስተካክዬዋለሁ» አለ። ሃያ ስምንት ዓመት ስለፋ እንዲህ ያለኝ የመጀመሪያው ፍጡር እሱ ሆነ። ነፍስ ቢኖረው ምሳ እጋብዘው ነበር።

ዋጋው ግን ከፍ አለ። ባለቤቴ ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «በዚህማ ቶሎ ቶሎ ይበላናል። አውጪው መስመሩን።» ልጄ አላወጣችም። በዚያ ፈንታ የት መቀነስ እንደሚቻል ማሽኑን ጠየቀችው። ማሽኑም አባቷ ለየፎቁ አዲስ የአርማታ መያዣ ጣውላ እንደሚቆጥር አገኘበት፤ የአንደኛው ፎቅ ጣውላ ተነቅሎ ለሁለተኛው ይሆናል። ቁጥሩ መልሶ ወረደ፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ወረደ። የመጨረሻውን ድምር እንደ ልጄ ስም በቃሌ ያዝኩት።

«ስማ» አልኩት ባለቤቴን፣ «መስመሩ ካለ ሁለት ሠራተኛ አለ። መስመሩ ከሌለ ግን እኔን አትጠብቅ። በዚህ ጉልበት ባልዲ ይዤ አልወጣም።»

«ይሁን» አለ።

«ይሁን ማለት ምን ማለት ነው?»

«ይሁን አልኩሽ እኮ።»

ጨረታው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሲከፈት እኔም ሄድኩ፤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ፖስታዎቹ በየተራ ተከፈቱ። የቶሎ ቶሎ ዋጋ ተነበበ፤ እኔ በቃሌ ከያዝኩት ድምር በትንሹ ያንሳል። አለቀልን አልኩ። ከዚያ የእኛ ተነበበ። የያዝኩት ቁጥር አልነበረም። ዝቅ ያለ ነው፤ ልክ ውሃ ማጠጫውን ያህል ዝቅ ያለ። አሸነፍን። ሰው ሁሉ ባለቤቴን ይጨብጠዋል፤ እሱ ወደ እኔ አይመለከትም።

ማታን ሳልጠብቅ እዚያው፣ የግቢው አጥር ሥር ቆሜ ለልጄ ደወልኩላት። እሷ ኮምፒውተሯን እኛ ጋ ትታ ቢሮ በገባችበት ሰኞ ጠዋት አባቷ ራሱ ማሽኑን በድምፅ አናግሮት ኖሯል። ለካ ያ ነገር የተባለውን ሁሉ ጽፎ ያስቀምጣል። ልጄ አገኘችውና አነበበችልኝ።

«የውሃ ማጠጣቱን መስመር አውጣው።»

«አውጥቼዋለሁ። መስመሩ ቢወጣም ሥራው ግን አለ። ማን ይሠራዋል?»

«ሚስቴ።»

«በምን ዋጋ?»

«ሚስቴ ናት አልኩህ እኮ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሃያ ስምንት ዓመት «የምታጠጣው እሷ ናት» ብሎ ለሰው ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ ለማሽን ተናገረው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ መስመሩ ቢኖር በቶሎ ቶሎ መበለጣችን እውነት መሆኑ ነው። እሱ ሥራውን አድኗል፤ ያዳነው ግን በእኔ ጉልበት ነው፤ ያውም በአመመኝ በኩል።

ቤት ስንገባ «ሥራውን አገኘን አይደል? ምን ያስቆጣሻል?» አለኝ።

«አገኘህ፤ እንኳን ደስ ያለህ። እኔ ግን አልመጣም።»

«ትመጫለሽ። አርማታ ሲደርቅ እያየሽ አያስችልሽም።»

ያውቀኛል። እውነቱን ነው፣ አያስችለኝም። የፈራሁትም እሱን ሳይሆን ራሴን ነበር።

የመጀመሪያው ሶሌታ ማክሰኞ ተሞላ። ረቡዕ ጠዋት ባልዲ አላነሳሁም። እኩለ ቀን ላይ ቱንቢ በሬን አንኳኳ። ቱንቢ ዋና ግንበኛችን ነው፤ አቋሙም አነጋገሩም ግድግዳ እንደሚለካበት ቱንቢ ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው እንደዚያ የሚሉት።

«እትዬ፣ ደኅና ነዎት? አመመዎት እንዴ?»

«ደኅና ነኝ።»

«ሶሌታው እየነጣ ነው። ጥጉ ላይ ፀጉር የምታህል ጭረት አየሁ።»

ልቤ ስንጥቅ አለ። «ጋሼ ምን አሉ?» አልኩት።

«ትመጣለች ይላሉ። ከጠዋት ጀምረው የግቢውን በር ነው የሚያዩት።»

«ባልዲው መጋዘኑ በር ጥግ ተንጠልጥሏል። ቧንቧው የት እንዳለም ለጋሼ አሳያቸው» አልኩት። ቱንቢ አየኝ፣ ገባው፣ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አትጠይቁኝ። የተጠረገ ወለል ጠረግሁ። ጫማዬን ሁለት ጊዜ አድርጌ ሁለት ጊዜ አወለቅሁ። ስንት ዓመት ስንከባከበው የኖርኩት ነገር እዚያ ፀሐይ ላይ ውሃ ጠምቶት ተኝቷል፤ ባል ቢያስቀይም አርማታው ምን አደረገ? በሦስተኛው አደረግሁትና ወጣሁ። ግን በመንገድ ላይ ለራሴ ማልኩ፤ ለማየት እንጂ ለመሸከም አይደለም።

ከግቢው በር ሆኜ አየሁት። ባለቤቴ ለጨረታ የሚለብሰውን ነጭ ሸሚዝ እንደለበሰ፣ በሁለት እጁ ሁለት ባልዲ ይዞ በእንጨት መወጣጫው ይወጣል። ግማሽ ላይ ቆመና አስቀመጣቸው። ወገቡን ያዘ። ደግሞ አነሳቸው። ሠራተኞቹ ብረት እያሰሩ ነው፤ ማንም ቀና ብሎ አላየውም፣ አፍረው ይሁን ፈርተው አላውቅም። አንጀቴን በላው። እጄ ወደ ባልዲው ሊሄድ ምንም አልቀረውም፤ ሁለቱንም እጆቼን ብብቴ ውስጥ ቀበርኳቸው።

ቀስ ብዬ፣ የመወጣጫውን መደገፊያ ይዤ ወጣሁ። አየኝ። «መጣሽ» አለ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ለማየት መጣሁ። ከጥጉ ጀምር፣ ጭረቷ ካለችበት። ከፍ አድርገህ አታፍስ፣ ይቦረቡረዋል። መጀመሪያ ዙሪያውን አሸዋ አጥር፤ አለዚያ ስታፈስ መዋልህ ነው።»

ባልዲዎቹን አየ፣ እኔን አየ። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ተንበረከከና አሸዋውን በእጁ ማጠር ጀመረ። እኔ የጣውላ ቁራጭ ላይ ተቀምጬ «እዚህ ጋ ቀዳዳ ትተሃል» እያልኩ አሳየሁት። በዚያ ቀን ሠላሳ አንድ ባልዲ ተሸከመ። ማን ቆጠረው? እሱ ራሱ። ማታ እራት ላይ ነገረኝ።

በአምስተኛው ቀን አንድ የቀን ሠራተኛ ቀጠረ፣ በስምንተኛው ሁለተኛ። ለቀሩት ፎቆችም አላሰናበታቸውም። ከትርፉ እንደከፈላቸው አውቃለሁ፤ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝ። ያቺ ጭረት ግን አለች። መሐንዲሱ አይቷት «አትጎዳም» አለ፣ በሲሚንቶ ተሞላች፤ ቦታዋን ለሚያውቅ ሰው ዛሬም ትታያለች። ባለቤቴ እዚያ ክፍል በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው።

ትምህርት ቤቱ ሳያልቅ የአንድ ክሊኒክ ጨረታ ወጣ። እሁድ ልጄ መጣች፣ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ባለቤቴ ሳይጠሩት መጣና ተቀመጠ። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር።

ማሽኑ ግምቱን ዘርዝሮ ጨረሰና እንደ ልማዱ ጠየቀ፤ ልጄ አነበበች። «ባለፈው ሥራ የውሃ ማጠጣት መስመር እንዲወጣ ተደርጓል። በዚህኛው ይግባ?»

ባለቤቴ ጎሮሮውን ጠረገ። «ይግባ። ሁለት ሰው፣ አሥራ አራት ቀን።»

«በዋጋ ብንበለጥስ አባዬ?» አለችው ልጄ።

«እንበለጥ። ተሸክሜ አየሁት እኮ።» ጣቱን ዝርዝሩ ላይ አኖረ። «ከሥሩ ደግሞ አንድ ተቆጣጣሪ ጨምሪ። ባልዲ የማይሸከም፣ ሁለቱን የሚያሠራ። ሥራውን የሚያውቅ።»

«ማን ብዬ ልጻፍ?»

ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «ትመጫለሽ?» አለኝ።

በሃያ ስምንት ዓመት ጠይቆኝ አያውቅም። እጄን በፎጣ አደረቅሁ፣ መጣሁና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

«የተቆጣጣሪውን ዋጋ አንብቢልኝ» አልኳት ልጄን፣ «ከዚያ እነግረዋለሁ።»