ዝም ያለው ቬንትሌተር

አቶ ጌታነህ የሚተኙት ሰርቪሱ ውስጥ፣ ከማድቤቱ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነበር። ክፍሉ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ ቀጭን የቺፑድ ኮርኒስ። ከአልጋው ራስጌ በላይ አየር የሚያወጣ ቬንትሌተር አለ፤ ቆርቆሮውን ከተሸከመው እንጨት ጋር በአራት ቡሎን ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። አየሩ የሚወጣበት ቱቦ ከሽንት ቤቱ ሥራ የተረፈ ቀጭን ፕላስቲክ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ከትራሱ እጅ ዘርግቶ የሚደረስበት ቦታ ላይ ተተክሏል። ቬንትሌተሩ ሲበራ ልጃቸው ልደት ትራሱ ላይ የምታስቀምጠው ስልክ ሃምሳ አራት ዴሲቤል ድምፅ ያነባል፤ ሲጠፋ ሠላሳ። ጠዋት ጠዋት አባቷ ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ ሰማንያ አራት ይላል።

ልደትን ያስጨነቃት ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው። ጎባ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት፤ ከሮቤ በሚኒባስ ትመላለሳለች። በዚህ ከፍታ የሚኖር ጤነኛ ሰው ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና ሦስት እንደሚሆን ታውቃለች። አባቷ ግን ዕድሜያቸውን ሲናና አካባቢ ኮምባይነር ሲነዱና ሲጠግኑ፣ የስንዴና የገብስ አቧራ ሲስቡ ኖረው ሳንባቸው ተጎድቷል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ካዘዘ በኋላ አጥብቆ የተናገረው አንድ ነገር ነበር፤ የሚያድሩበት ክፍል አየር ሌሊቱን መቀያየር አለበት፣ የማድቤት ጭስና እርጥበት ታፍኖባቸው ማደር የለበትም።

መስኮት ከፍቶ ማደር አይታሰብም። የሮቤ የሌሊት ብርድ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ነው፤ አቶ ጌታነህም ብርድ ይመታኛል እያሉ የበሩን ሥር ሳይቀር በአሮጌ ጋቢ ይወትፋሉ። ልደት ቬንትሌተሩን ያስገባችው ለዚህ ነው። አባቷ ግን እሷ እስክትተኛ ጠብቀው እጃቸውን ይዘረጉና ያጠፉታል። ጠዋት ስትጠይቃቸው መብራት ሄዶ ነበር ይሏታል። ሮቤ ላይ መብራት ሄደ ማለት የሚታመን ነገር ስለሆነ ለተወሰነ ጊዜ አመነቻቸው።

ኋላ ግን ራሳቸው አወጡት።

«እኔ ሞተር እየጮኸ ተኝቼ አላውቅም» አሏት። «ከጮኸ አንድ ነገር ሊሰበር ነው ማለት ነው። ይሄ ደግሞ ኩሽኔታው የተበላ ኮምባይነር ነው የሚመስለው። ሌሊቱን ሙሉ በሐሳቤ ስፈታው ስገጥመው ነው የማድረው።»

ኩሽኔታው አዲስ ነበር። ልደት ግን አልተከራከረቻቸውም። ድምፁ ከኩሽኔታው ካልመጣ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ፈለገች፤ ምክንያቱም ዋናው ቤት ሊሠራ ፕላኑ ተነስቷል። እነሱም እንደ ብዙው ሰው መጀመሪያ ከጓሮ ሰርቪሱን ሠርተው ገብተውበታል፣ ትልቁ ቤት የሚቆምበት ቦታ ከፊት ባዶውን ይጠብቃል። እንዲህ ሲሆን ደግሞ ሰርቪሱ ላይ የተሠራው ሁሉ እንዳለ ወደ ትልቁ ቤት ይገለበጣል፤ ሰው ለምዶታል፣ ሠራተኛውም ያውቀዋል። ፕላኑን የሚያወጣው ወጣቱ መሐንዲስ ዱጉማም ያንኑ ነበር ያደረገው። ቬንትሌተሩ እንደ በፊቱ ከአቶ ጌታነህ ራስጌ በላይ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ተስሏል። ቱቦው ያጥራል፣ ሥራው ይቀላል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ልደት ወንበር ላይ ወጥታ የኮርኒሱን ክዳን አነሳች። አባቷ አልጋቸው ላይ ተጋድመው፣ ስልኩን ትራሱ ላይ ይዘው ቁጥሩን ያነቡላታል። መጀመሪያ ቡሎኖቹን ፈትታ ቬንትሌተሩን በእጇ ብቻ ያዘችው። ጣሪያው መንቀጥቀጡን አቆመ፤ ቁጥሩ ወደ አርባ ስድስት ወረደ። ቀጥሎ ቀጭኑን ቱቦ ነቀለችው። ፉጨቱ ጠፋ፤ አርባ አንድ። በመጨረሻ ቬንትሌተሩን እንደበራ ይዛው ወረደች፣ ገመዱ እስከደረሰላት ድረስ ወደ ማድቤት ወስዳ በሩን ዘጋችው። ሠላሳ አራት።

አባቷ ይህን ሁሉ በትዝብት ሲያዩ ቆይተው፣ «የሚሠራ ሞተር ፈትተሽ ጨረስሽው» አሏት። «መርፌ መውጋት መሰለሽ እንዴ?»

የስልክ መለኪያ ትክክለኛ ላይሆን እንደሚችል ልደት ታውቃለች፤ ያው ስልክ በዚያው ትራስ ላይ እስከሆነ ድረስ ግን ለማወዳደር ይበቃል። ከሞተሩ ይልቅ የሚጮኸው የታሰረበት ጣሪያ፣ የጠበበው ቱቦና ቅርበቱ ነው።

ዱጉማ ረፋዱ ላይ ፕላኑን ጠቅልሎ መጣ። እንደ ልማዱ በአቶ ጌታነህ ጀመረ።

«አካም ቡልተኒ፣ አባባ?»

«ኮምባይነር ስጠግን ያደረ ሰው እንዴት ያድራል ብለህ ነው» አሉት።

ልደት ያገኘችውን ነገረችው። ዕቃ ቤቱ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ይዛወርና ቬንትሌተሩ ከመኝታ ክፍሉ ወጥቶ እዚያ ይግባ፤ በመካከል ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ይኑር። ከጣሪያው ጋር አይገናኝ፣ ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በተቆረጠ ማንጠልጠያ ግድግዳው ላይ ይሰቀል። ከመኝታ ክፍሉ ግድግዳ አየር የሚስበው ቱቦ እጥፍ ይስፋ፣ መንገዱ ላይ በስፖንጅ በተለበጠ ሳጥን ይለፍ። ንጹሑ አየር ከውጭ ሳይሆን ከኮሪደሩ፣ ከበሩ በላይ በሚሠራ መስኮት ይግባ፤ እዚያ ጋቢ አይደርስም።

ዱጉማ አላጣጣለውም። ቱቦው ከረዘመ መሳብ ስለሚደክም ቬንትሌተሩ ተለቅ ብሎ በዝግታ መዞር እንዳለበት፣ እሱም ለድምፁ የተሻለ እንደሆነ ነገራት። የከበደው ሌላ ነበር። ዕቃ ቤቱን ኮሪደሩ መጨረሻ ለማድረስ ከሳሎኑ አንድ ሜትር መቀነስ ነበረበት፤ ሰው ቤት ሠርቶ የሚያሳየው ሳሎኑን እንጂ ዕቃ ቤቱን እንዳልሆነም አስታወሳት።

አቶ ጌታነህ እዚህ ላይ ከዱጉማ ጋር አበሩ።

«ሳሎኑን እንዳትነኩ» አሉ። «ነገ እኔ ስሞት ለቀስተኛው የት ሊቀመጥ ነው?»

ዱጉማ አንገቱን ደፋ። ልደት ከፕላኑ ቀና አላለችም።

«ለቀስተኛው እንዲዘገይ ነው ሳሎኑን የምንቀንሰው፣ አባባ» አለች። «ክፍሉ ካልተስተካከለ ሳሎኑ ቶሎ ይፈለጋል።»

አቶ ጌታነህ ወደ ዱጉማ ዞረው «ቀንስ» አሉት። «ቆመው ያልቅሱ።»

ቤቱ በበጋው ተሠራ። ልደት ከክሊኒክ መልስ ሁልጊዜ እየዞረች ታያለች፤ ኤሌክትሪሺያኑ ላስቲኩን ትቶ በቡሎን ያሰረ ዕለት አስፈታችው። ማብሪያ ማጥፊያውን ደግሞ ከትራስ አርቃ ኮሪደሩ ላይ አስተከለችው። የገቡ ቀን ስልኳን ትራሱ ላይ አስቀመጠች። ሲጠፋ ሠላሳ ነበር፤ ሲበራ ሠላሳ አንድ። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ እንኳ የሰማችው ነገር አልነበረም። በደስታ ተኛች።

ጠዋት መለኪያው ሰማንያ አምስት አለ። በማግስቱም ሰማንያ አምስት። መድኃኒቱን እየወሰዱ እንደሆነ አየች፤ ከበሩ በላይ ያለውን መስኮት አየች፣ ክፍት ነው። በመጨረሻ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ማብሪያውን አየችው። ጠፍቷል።

በዚህ ጊዜ አባቷ መብራት ሄዶ ነበር አላሉም።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ተቃጥሏል» አሏት። «ትልቅ ሞተር ብላችሁ ገጠማችሁ፣ ድምፅ የለውም። የማይዞር ሞተር ላይ ኤሌክትሪክ ከተለቀቀ ይግላል፣ ከዚያ ይነድዳል። አዲስ ቤት ልታቃጥሉ ነው እንዴ? ሁለቱንም ሌሊት ተነስቼ ያጠፋሁላችሁ እኔ ነኝ።»

ልደት ዕቃ ቤት ወሰደቻቸው። አብርታ የቬንትሌተሩን ሽፋን ከፈተችው፤ ላስቲኩ ላይ ተንጠልጥሎ በዝግታ ይዞራል። አቶ ጌታነህ መዳፋቸውን ሽፋኑ ላይ፣ ከዚያ ሞተሩ ላይ አሳረፉ። አልጋለም። ኩሽኔታውን በጣታቸው ጫፍ ነክተው አዳመጡ፤ ነቀፋ አላገኙበትም።

«እዚህ ሆኜስ አየሁት» አሉ። «ከአልጋዬ ሆኜ ግን መዞሩን በምን አውቃለሁ?»

ልደት ስለዚህ አላሰበችም ነበር። እሷ ድምፁ እስኪጠፋ ስትለፋ፣ አባቷ አርባ ዓመት ሙሉ ሞተር መሥራቱን ያወቁት በድምፁ ነው። ሲጮህ ሊሰበር ነው ብለው ይነቃሉ፤ ሲጠፋባቸው ደግሞ ሞቷል ብለው ይነቃሉ።

ከቦርሳዋ ጋዝ፣ ቁስል የሚሸፈንበትን ስስ ጨርቅ፣ አወጣች፤ የጣት ስፋት ያህል ቆርጣ፣ ከአልጋው ትይዩ ባለው የአየር መሳቢያ ወንፊት ላይ ከላይኛው ጫፍ አሰረችው። የኮሪደሩ መብራት ከበሩ በላይ ባለው መስኮት ገብቶ ያገኘዋል። ቬንትሌተሩ ሲጠፋ ጋዙ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ሲበራ ተስቦ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል።

አቶ ጌታነህ ተጋድመው ልደት አንዴ ስታበራ፣ አንዴ ስታጠፋ አዩት። ከዚያ አስደገሟት።

«እኛም ገለባው ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ኮምባይነሩ ላይ ጨርቅ እናስር ነበር» አሉ። «ተይው፣ ይብራ።»

በሳምንቱ ልደት ወደ ጎባ ከመሄዷ በፊት ገባች። አባቷ ገና አልነቁም። ጋዙ ወንፊቱ ላይ ተለጥፏል፤ ትራሱ አጠገብ ስልኳ ሠላሳ አንድ ዴሲቤል አነበበ። መለኪያውን ቀስ ብላ ጣታቸው ላይ ሰካችው፤ ዘጠና አለ።